የኮት መስቀያዬ መከራ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር፣ ደረጃውን በጉልበቴ ቁርጥማት የምቆጥር ሽማግሌ ነኝ። ከቤቴ ዕቃ ሁሉ የምወደው የኮት መስቀያዬን ነበር። «ነበር» ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ የልጅ ልጄ አንድ ፊልም አየና የቡጢ መለማመጃ አደረገው። ሦስት ክንዶቹ ላልተዋል። ኮቴም እንደ ሰከረ ሰው ወለል ላይ ተዘርግቶ ያድራል።

«አንተ ልጅ፣ ካራቴህን ውጭ!» ስለው፣ «አባባ፣ ካራቴ አይደለም፤ ዊንግ ቹን ነው» ይለኛል። በእኛ ጊዜ ቻይናም ይምታ ጃፓን፣ እግሩ ከጆሮው በላይ ከወጣ ካራቴ ነበር፤ አለቀ።

ፊልሙ ኸርማን ያው በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ የዪፕ ማንን ወጣትነት የሚተርከው ነው። ዪፕ ማን ማለት የብሩስ ሊ መምህር። ብሩስ ሊን ደግሞ ለእኔ አይነግሩኝም! ለእሱ ስል ከሳሪስ ፒያሳ ድረስ ሲኒማ እየወጣሁ ስንት ቀን በኩርኩም ተቀብለውኛል። መምህሩ ኅዳር 1965 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ ውስጥ አረፉ፤ ተማሪው ሐምሌ ላይ ተከተላቸው። ፈረንጅ 1972 እና 1973 እያለ ያራርቃቸዋል፤ በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ሟቾች ናቸው። ይህን ስነግረው ልጁ ስልኩን ጎርጎር አደረገና «ልክ ነህ» አለኝ። ማጣራቱ ነው የከነከነኝ።

እስኪ ልየው ብዬ አብሬው ተቀመጥኩ። በእነሱ ወግ ተማሪ የሚሆን ልጅ መምህሩ ፊት ተንበርክኮ ሻይ ያቀርባል። «አየህ!» አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቡጢው ገብቶታል፤ ሻዩ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ጉድ ያልኩት ግን ኋላ ነው። ወጣቱ ዪፕ ማን ለትምህርት ሆንግ ኮንግ ይሄዳል። እዚያ ሊዩንግ ቢክ የሚባል ሽማግሌ ይገጥመውና ትዕቢቱን ያስተነፍስለታል፤ ከዚያም ያስተምረዋል። ሽማግሌውን የሚጫወተው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዪፕ ቹን! የራሱ የዪፕ ማን የበኩር ልጅ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. የተወለደ። ልጅ አባቱን ፊቱ አቁሞ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ሲለው!

የእኔን ቤት የቀረጹት መሰለኝ። በቴሌብር ብር እንዴት እንደሚላክ ልጅ ያስተምረኛል። ቴሌቪዥኑ የቱ ጋ እንደሚነካ ልጅ ያስተምረኛል። ዪፕ ቹን እንኳ አባቱን ለማስተማር ሰማንያ አምስት ዓመት ጠብቋል። የእኔው አሥራ አራቱንም በቅጡ አልደፈነ። ይባስ ብሎ ትናንት ከወንበሬ አስነስቶ፣ «አባባ፣ ክርንህን ወደ መሃል ሰብሰብ፣ ትከሻህን ልቀቅ» አለኝ። ትከሻዬ ከለቀቀ ስንት ዓመቱ!

ማታ ሁሉም ሲተኛ ኮቴን ልሰቅል ተነሣሁ። መስቀያው ከነላላ ክንዶቹ ጨለማው ውስጥ ቆሟል። ክርኔን ወደ መሃል ሰበሰብኩ። ጧ!

«ማነው?» አለች ባለቤቴ ከመኝታ ቤት።

«ንፋስ ነው፣ ተኚ» አልኳት።