የማን ጉልበት?

ተረት ተረት። «የላም በረት» ካላችሁኝ ልቀጥል።

አንድ ወንዝ ነበረ፤ ከወንዙ ዳር አንድ ዋርካ። በዋርካው ግንድ ላይ፣ ከፍየል ራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ ድሮ የሞተ ዝሆን በጥርሱ የጫረው ጽሑፍ ነበረ፦ «እዚህ ተሻገሩ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም።»

በዚህ ማዶ ሣሩ ሲያልቅ እንስሳቱ ሁሉ ያንን በቃላቸው እየደገሙ ወደዚያ ማዶ ይሻገራሉ። ጎሽ ይሻገራል፣ ቆርኬ ይሻገራል። ግልገል ግን መሀል ላይ ይቀራል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ውሃ አንድ ሁለቱን ሳይወስድ አይውልም። እናቶች ያለቅሳሉ፣ ሽማግሎች ይመጣሉ፣ «ጉልበቱ አልጸናም ነበር» ይባላል፣ ለቅሶው ይነሣል። አንዲት ፍየል ብቻ፣ ልጇን ውሃ በወሰደባት ሰሞን፣ ከዋርካው ሥር ቆማ ጽሑፉን ቀና ብላ ስታይ፣ ጎንበስ ብላ የራሷን ጉልበት ስታይ፣ ደግሞ ጽሑፉን ስታይ ዋለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የግልገሎቹ መምህር ታሞ ስለነበር አንድ ጎረምሳ ድኩላ ተክቶት ያስተምር ነበር። የድኩላው ዋና ሥራ ሩጫ ማለማመድ ነው፤ ስለ ወንዝ ብዙም አያውቅም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጠጋ ብሎ ያየው። መቃ ቆርጦ መሻገሪያው መሀል ተከለ። ሲያወጣው እርጥቡ ከደረቁ በሚለይበት ላይ የጭቃ መስመር አሰመረ። ከዚያም ግልገሎቹን አንድ በአንድ ከመቃው ጎን አቆማቸው። ለሚዳቋዋ መስመሩ ዓይኗ ላይ መጣ። ለፍየሉ ከቀንዱ ቡቃያ ሁለት ጣት አለፈ። ሽኮኮ ተራው ሲደርስ ሽቅብ አንጋጦ መስመሩን ፈለገና፣

«የኔታ፣ ጉልበቴ የት ሄደ?» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ድኩላውም እየሳቀ፣ «ጉልበትህማ እዚያው አለ። ጽሑፉ ያንተን ጉልበት አላየውም» አለው።

ያቺ ቃል አስከሰሰችው። በዚያው ዓመት «ውሃው ከጉልበት ያልፋል ብሎ ግልገል ያስተማረ ይቀጣል» የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። ከሕጉ በፊት ደግሞ አንድ ባለጸጋ ከርከሮ ጽሑፉን በልጥ ላይ እያስገለበጠ፣ 12 ጥቅል እያደረገ፣ ለየመንጋው አለቃ በነፃ ሲያድል ከርሟል።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመው፤ ከርከሮውን ከራሴ አላመጣሁትምና። ላይማን ስቱዋርት የሚባል የካሊፎርኒያ የነዳጅ ባለጸጋ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1910 እስከ 1915፣ «ዘ ፋንዳሜንታልስ» የተባሉ 12 ቅጾች በገንዘቡ አሳትሞ ለፓስተሮችና ለሚሲዮናውያን በነፃ አሳድሏል። ፋንዳሜንታሊስት የሚለው ስም የወጣውም ከዚያው ሰፈር ነው። በ1925 ቴነሲ የምትባለው የአሜሪካ ግዛት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሰው ከዝቅተኛ እንስሳት መጣ ብሎ ማስተማርን በሕግ ከለከለች። ዳይተን በምትባል ትንሽ ከተማ የነበሩ ሰዎች መድኃኒት ቤት ውስጥ ተሰብስበው፣ ክሱ ለከተማችን ስምና ገበያ ያመጣል ብለው መከሩ፤ ጆን ስኮፕስ የሚባለውን የ24 ዓመት ወጣት ጠርተውም ተከሳሽ ሁንልን አሉት። የስፖርት አሠልጣኝ ነበር፤ ባዮሎጂ ያስተማረው ተክቶ ገብቶ ነው። ችሎቱ ሲከፈት ዳይተን እንደ ንግሥ ቀን ተጥለቀለቀች፤ ሱፍ የለበሰ ቺምፓንዚ ሳይቀር አመጡላት። ይህን እኔ በተረት ብጽፈው አበዛኸው ትሉኝ ነበር። ደግሞ ከመቀጠሌ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፣ እኔ የማላምን ሰው ነኝ። እናቴ ይህን አታውቅም፤ በየጾሙ እየደወለች «እየጾምክ ነው?» ትለኛለች፣ እኔም ስለ ጤናዋ እጠይቃታለሁ። ለማን እንደማደላ ታውቆልኝ ወደ ወንዙ ልመለስ።

ከሳሽ ሆኖ የቆመው አሮጌው ጎሽ ነው። ስለ እሱ ክፉ እንድታስቡ አልፈልግም። በጉብዝናው ዘመን አንበሶች ጨው የሚላስበትን መሬት ይዘው ደካማውን ሲያባርሩ፣ ለደካማው የቆመ እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ ጫካውን ልምራ ብሎ ተወዳድሮ ሦስቴም ተሸንፏል፤ ዳይተን ላይ የከሰሰው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንም በ1896፣ በ1900 እና በ1908 ለፕሬዚዳንትነት ቀርቦ እንዲሁ ሆኗል። ጎሹን እንቅልፍ የነሣው የውሃው ጥልቀት አልነበረም። «ብርቱ ደካማን ይብላ፣ ተፈጥሮ ነው» የሚሉ ጅቦች በዝተው ነበር፤ ጽሑፉ ከተናደ ጅቡን ምን ይገታዋል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ስኮፕስ ያስተማረበት መጽሐፍ ራሱ ሰውን በዘር የሚያበላልጥ፣ ደካማ የሚላቸው ሰዎች እንዳይዋለዱ የሚመክር ነበር፤ የኔ ወገኖች ይህን ገጽ ቶሎ ይገልጡታል። የጎሹ ጥፋት ጅቡን ሊከለክል ወንዙን መክሰሱ ነው።

ለድኩላው ጠበቃ ሆኖ ከሩቅ የመጣው ቁራ ነበር፤ በዛፉም በዝሆኑም የማያምን፣ ምላሱ የሚፋጅ ቁራ። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሕዝቡም ሲበዛ ችሎቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጥላው ወጣ። ያኔ ቁራው ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፦ ከሳሹን ጎሽ ምስክር ይሁነኝ ብሎ ጠራው።

«አባ ጎሽ፣ ጽሑፉን ያውቁታል?»

«ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።»

«ከጉልበት አያልፍም ይላል?»

«ይላል።»

«የማን ጉልበት?»

«ጉልበት ጉልበት ነው።»

«የሽኮኮ ጉልበት ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?»

«ለክቼ አላውቅም። መለካት የኔ ሥራ አይደለም።»

«የጻፈው ማን ነበር?»

«ዝሆን ነዋ።»

«እንግዲያ የዝሆን ጉልበት ይሆን?»

ዝንብ ጎሹ አፍንጫ ላይ አረፈች። ጆሮውን እንኳ አላርገበገበም።

«ሊሆን ይችላል» አለ ዝግ ብሎ።

ከጀርባው የነበረው መንጋ አጉረመረመ። ከቁራው ይልቅ የገረማቸው ጎሹ ነው። ብራያንም በዚያ ሐምሌ በፍርድ ቤቱ ግቢ፣ የስኮፕስ ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ሲያፋጥጠው፣ የፍጥረት ቀናት የ24 ሰዓት ቀናት ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ መልሷል። በማግስቱ ዳኛው ቃሉን ከመዝገብ አስወጣው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የእኛ የመጻሕፍት መምህራን ናቸው። አንድ የትርጓሜ ሊቅ ከዋርካው ሥር ቢቀመጥ ኖሮ «አንድም» ብሎ ይጀምር ነበር፦ አንድም የዝሆን ጉልበት ነው፤ አንድም በበጋ ያለው ውሃ ነው፤ አንድም ጉልበት ያለው ሃይማኖት ነው፣ ውሃ ያለው መከራ ነው። ለማላምነው ለእኔ እንኳ አንድምታ ደስ የሚለኝ፣ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ በሩን ስለማይዘጋው ነው። በዚያ ጥላ ሥር ግን አንድም «አንድም» ባይ አልነበረም።

ፍርዱ ጥላው ፈቀቅ ሳይል ተሰጠ፤ የዳይተኑ ጁሪ 9 ደቂቃ ነው የፈጀበት። ድኩላው ጥፋተኛ ተባለ፤ መቶ ነዶ ሣር ተቀጣ። ስኮፕስ መቶ ዶላር ተቀጥቷል። በአምስተኛው ቀን ጎሹ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ አልነቃም፤ ብራያንም እንዲሁ። በኋላ የበላይ ሸንጎው ቅጣቱን አነሣ፤ ምክንያቱ ነዶውን መወሰን የማይገባው መወሰኑ ነበር። ስለ ወንዙ አንድ ቃል አልተናገረም። ሕጉም ባለበት ቀረ። ቴነሲ የራሷን ሕግ የሻረችው በ1967 ነው።

አርባ ሁለት ክረምት። በዚያ ሁሉ ዘመን ፍየሎቹ አልሰጠሙም፤ እንዴት እንዳልሰጠሙ ግን አይነገርም። ያቺ ልጇን ውሃ የወሰደባት ፍየል ጨለማ ሲይዝ መቃ በአፏ ነክሳ ሽቅብ ወደ ላይኛው ወንዝ ትሄዳለች። እየተከለች፣ እያወጣች፣ በምላሷ እርጥቡን እየፈለገች ግልገሎቹን ታሻግራለች። ሲነጋ ከዋርካው ሥር ናት፤ ጽሑፉን ከሁሉ አብልጣ ጮኻ የምትደግመውም እሷ ናት። ሌሎቹ እናቶች ያውቃሉ። ሽማግሎቹም የሚያውቁ ይመስለኛል፤ በየማለዳው ከፍየሏ ከንፈር ላይ የሚደርቀውን ጭቃ ሳያዩት አይቀሩም።

በየበዓሉ ለክብር ሲባል የዋርካው ግንድ ጭቃ ይቀባል፤ ከላይኛው ጽሑፍ በታች ያለው ሁሉ በጭቃ ላይ ጭቃ ሆኖ ከርሟል። በ42ኛው ክረምት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ቅርፊቱን አራገፈው። ጠዋት አንድ የፍየል ግልገል ሐረግ ሊቀነጥብ ከግንዱ ሥር ተጠጋ። ከታወቀው ጽሑፍ ዝቅ ብሎ፣ የማንም ዓይን ያላረፈበት ሌላ ጽሑፍ ነበረ፦ «እዚህ አትሻገሩ። ከደረት ያልፋል።» በጥርስ ተሰርዟል። ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ ጭረቱ ቀጥኖና ተጣሞ፣ ገና ጥርስ ያበቀለ የዝሆን ግልገል እንደጫረው ሆኖ፣ «እዚህ አትሻገሩ። አፍንጫ ይደፍናል» ይላል። እሱም ተሰርዟል። አጣጣሉ ከላይኛው ጋር አንድ ነው።

ግልገሉ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የታችኛው ጽሑፍ ልክ ከቀንዱ ቡቃያ ላይ መጣ።