ዶሮ የተቀመጠችበት መቀመጫ

ጨፋ ሮቢት፣ የሐጂ ይማም ግቢ። ፋጡማ የምታፈላው ቡና አቦል ላይ ነው። ጅዳ ያለው ልጅ በላከው ገንዘብ ከከሚሴ የተገዛ ነጭ የሴራሚክ የሽንት ቤት መቀመጫ ግቢው መሀል ተጎልቶ ዶሮ ታቅፋበታለች። ጓሮ ደግሞ የተናደ ጉድጓድ አለ፤ ግንበኛው ሰይድ የተጠራውም ለእሱ ነው።

ሐጂ ይማም፦ አንተ ሰይድ፣ ርካሹን ሽንት ቤት ምረጥልኝ። አምና ዘጠኝ ክንድ ባስቆፍር ውሃ ወጣ። ጎረቤት «ሐጂ ውሃ አወጡ» ብሎ ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ዳሩ ተንዶ ቆርቆሮዬን ዋጠው።

ፋጡማ፦ የዉዱ ማንቆርቆሪያዬም አብሮ ወርዷል።

ሰይድ፦ ሐጂ፣ አንቱ ርካሽ የሚሉት ለመቆፈር የሚረክሰውን ነው፤ እኔ ርካሽ የምለው ዳግመኛ የማይቆፈረውን። ሒሳቡን ከኪስ ሳይሆን ከመሬቱ እንጀምር። ይህ ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ያልተገነባ ግድግዳ አይምርም። የአፋር ከብት በበጋ ጨፋ ድረስ የሚወርደው እዚህ ሣሩ ስለማይደርቅ ነው፤ ሣሩ የማይደርቀው ደግሞ ውሃው ከሥሩ ስለሆነ ነው። የጉድጓድ ወለል ክረምት ላይ ከሚደርሰው ውሃ ቢያንስ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። ደገኛ ዘመድዎ በጥልቀት ቢፎክር ያምርበታል። እዚህ በጥልቀት የፎከረ ግን የራሱን ጉድ ለጎረቤቱ ጉድጓድ ውሃ ይልካል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ መርጠን፣ ጥልቀቱን ቀንሰን፣ ግማሹን ከመሬት በላይ በድንጋይ እናውጣው፤ ዋልካው ውሃ ቶሎ ስለማይመጥ ዙሪያውን ጠጠር እንሙላው።

ሐጂ ይማም፦ ጥልቀት ቀንሼ በዓመቱ ቢሞላብኝስ?

ሰይድ፦ አንድ ሰው በዓመት የሚያጠራቅመው ዝቃጭ ከ40 እስከ 60 ሊትር ነው ይባላል። ስድስት ሆናችሁ፣ ቢበዛ 360 ሊትር። አንድ ሜትር ስፋት፣ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ከላይ ግማሽ ሜትር ቢተውለት እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ይቆያል። ሲሞላ ወደ ጎን ወዳለው ሁለተኛ ጉድጓድ ትዞራላችሁ፤ የፊተኛው ሁለት ዓመት ተዘግቶ ሲከርም የወስፋት እንቁላሉ ሳይቀር ይሞትና አፈር ይሆናል። ያንን ለማሽላው ማሳ ማውጣት ነው። ይህን የሁለት ጉድጓድ ዘዴ ሕንድ ውስጥ ቢንዴሽዋር ፓታክ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምረው አስፋፍተውታል።

ሐጂ ይማም፦ ታዲያ ልጄ የላከው ነጩስ?

ሰይድ፦ ነጩ ውሃ ጠጪ ነው። አንድ ጊዜ ለማውረድ ስድስት ሊትር ያህል ይፈልጋል። ስድስት ሰው በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ ቢገባ ከ100 ሊትር በላይ፣ ከአምስት ጀሪካን የሚበልጥ መሆኑ ነው። ለእሱ ብቻ አህያ መግዛት ሊኖርብን ነው።

ፋጡማ፦ አህያዋስ የምትጠጣው?

ሐጂ ይማም፦ እሺ፣ ልጄ ሌላም በስልክ አሳይቶኛል። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2018 ቤጂንግ መድረክ ላይ ሰገራ በብልቃጥ ይዘው ወጥተው፣ ያለ ፍሳሽ መስመር የሚሠራ ሽንት ቤት መጣ ብለዋል። እሱን ብንጠብቅ?

ሰይድ፦ ጠብቁ፣ እስከዚያ ግን የት ልትሄዱ ነው? ደግሞም በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ ለባንግላዴሽ ገጠር ታስቦ የተሠራ ሳቶ የሚሉት የፕላስቲክ ክዳን አለ። ትንሽ ውሃ ሲፈስበት ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል፤ ሽታውንና ዝንቡን ይይዛል። በድንጋይና በቆረቆንዳ ለሚጠራረግ አገር ይደፈን ነበር። እኛ ግን ኢስቲንጃ አለን፤ ለመታጠብ የምታፈሱት ውሃ ራሱ ክዳኑን ይሠራዋል።

ሐጂ ይማም፦ እኔ ይህን ሁሉ ብለፋ ደሴና ኮምቦልቻ እጣቢያቸውን በቦርከና ይልኩልን የለ? የኔ ጉድጓድ ምን ይጨምራል?

ሰይድ፦ እውነትዎን ነው፤ ቦርከና የከተማውንም የፋብሪካውንም ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ይህ የላይኞቹ ዕዳ ነው። ነገር ግን የልጅ ልጅዎ ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ከኮምቦልቻ አይነሣም። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው በአብዛኛው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር እንጂ ጉድጓድ ውስጥ በገባው አይደለም። ስለዚህ የጓሮው ሥራ ወንዙን ባያጠራም ዓይኑን ያድናል።

ሐጂ ይማም፦ እንግዲያስ መንግሥት በነጻ ይሥራልና! ወይ እንደ ልማዱ ሰብስቦ ያሳፍረን።

ሰይድ፦ ማሳፈሩ ሠርቷል፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ካማል ካር ባንግላዴሽ ላይ የጀመሩት፣ ሕዝቡ ራሱን ተጸይፎ ያለ ድጎማ እንዲቆፍር የሚያደርግ ዘዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያዊ 92ቱ ሜዳ ይወጣ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 ወርዷል። በጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቻችን እግር የመጣ ነው፣ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን የተሻሻለና ለብቻው የሆነ መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ ከመቶ 6 ብቻ ሆነ። ሕዝቡ ቆፍሯል እንግዲህ። የጎደለው ወለል ነው፤ እንጨትና ጭቃውን ምስጥ ይበላዋል፣ አይታጠብም፣ ቀዳዳው አይከደንም። ሐፍረት ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ዋልካ ግን ሐፍረት አያውቅም፣ ይናዳል። በነጻው በኩል ደግሞ፣ ሁሉን በነጻ ያገኘ ሰው የሲሚንቶ ወለሉን ልብስ ማጠቢያ ቢያደርገው አልፈርድበትም፤ አልመረጠውማ። በኔ አስተያየት ጉልበቱ፣ ድንጋዩና ዳሱ የባለቤቱ ይሁን፤ እርዳታ ከመጣ ለወለሉና ለግንቡ ይዋል፣ ያውም ጉልበትም ልጅም ለሌላት መበለት ይቅደም። አንቱ ጅዳ ልጅ አለዎት፤ ወረፋ አይያዙ።

ሐጂ ይማም፦ ከፍ ያለ ቦታ ያልከው የቱን ነው?

ሰይድ፦ ጫትዎን የሚቅሙበትን።

ሐጂ ይማም፦ ላ ኢላሃ ኢለሏህ! ደግሞስ ልጁ ደውሎ «ነጩ ተተከለ ወይ?» ቢለኝ ምን ልበለው?

ፋጡማ፦ ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ቀጥራናለች ይበሉት።