ሜዳ ላጣው ብሔራዊ ቡድን ከአትክልት ተራ የቀረበ የትብብር ሐሳብ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጓዝ በማንሳት ሥራ ያለንን ልምድ ስለማካፈል

ክቡራን ሆይ፣

አትክልት ተራ ፍራፍሬ ቸርቻሪ ነኝ። ስለ አሰላለፍ ወይም ስለ አሠልጣኝ ምርጫ ልመክራችሁ አልመጣሁም፤ ያንን በነፃ የሚያደርግላችሁ ሕዝብ በየሻይ ቤቱ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ ጓዝ ነው። ጠቅልሎ መነሳት፣ ሌላ ቦታ መዘርጋት፣ እንደገና መጠቅለል ላይ በዚህ ከተማ የሚስተካከለን የለም ብለን እንኮራ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችሁን ካየን ወዲህ ግን ኩራታችን በርዷል።

የእኛን ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ተጠጋግታችሁ አትሠሩም ተባልን፤ ጅምላው ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ጭኖ ጃንሜዳ ሄደ። ጃንሜዳ፣ መቼም ለእናንተ አይነገርም፣ የዚህ ከተማ ኳስ ዳዴ ያለበት ሜዳ ነው። ክረምቱ መጣና ጭቃው ቦቲ ጫማ እስከ መዋጥ ደረሰ። ቀጥሎ ጥምቀት ቀረበ፤ ታቦታቱ ሊያድሩበት ነውና ልቀቁ ተባለ፤ ጅምላው ሃይሌ ጋርመንት ገባ። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ። ተማርረናል፣ ከስረናል፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር ተጨቃጭቀናል። ቢሆንም ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣ የአይሱዙ ሾፌር ሌሊት ደውሎ «የት ነው የማራግፈው?» ሲል መልስ አላጣም። ከሁሉም በላይ «ቦታው እስኪመቻች ድረስ ቲማቲሙ ለጊዜው ዳሬ ሰላም ይሸጣል» ያለን አልነበረም።

እናንተስ? በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጋናን በሜዳችን አስተናገድን ብላችሁ ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ወሰዳችሁን። በዚያው ዓመት ሰኔ ግብፅን «በሜዳችን» ሊሎንግዌ ላይ ተቀበልን። በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ያስተናገድነው ዳሬ ሰላም ነው፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017፣ ታንዛኒያን ያስተናገድነው ኪንሻሳ ነው፤ እንደገና 2 ለ 0። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ኮንጎን ታንዛኒያ ውስጥ፣ ታንዛኒያን ኮንጎ ውስጥ። ሁለቱ እንግዶች እርስ በርስ ቤታቸውን አከራዩን ማለት ነው። ቤት ለእንግዳ ማለት የአገራችን ወግ ነው፤ እንግዳን በሌላ እንግዳ ቤት መቀበል ግን ከእናንተ በፊት ያደረገው ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ታንዛኒያ ካሸነፈችን ከሦስት ቀን በኋላ በዚያችው ኪንሻሳ እኛ እንግዳ፣ ኮንጎ ባለቤት ሆነን ተጫወትን፤ 2 ለ 1 አሸነፍን። ያው ከተማ ነው፤ ባለቤት ስንባል ተሸነፍን፣ እንግዳ ስንባል አሸነፍን። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ለካፍ ደብዳቤ ጽፋችሁ ኢትዮጵያ በቋሚነት በእንግድነት ትመዝገብ እንድትሉ ነው። የወጪውም ነገር ያው ነው፣ ሻንጣ እንደሆን በሁለቱም ይታሰራል።

አንድ ነገር ደግሞ ታዝቤአለሁ፤ ቀልድ አይደለም። ጆሃንስበርግ፣ ሊሎንግዌ፣ ዳሬ ሰላም። ይህን መስመር የማያውቅ ቤተሰብ እኛ ሰፈር የለም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የተነሱ ልጆች የሚያልፉበት፣ አንዳንዱም ሳይዘልቀው የሚቀርበት መንገድ ነው። በ2005 ዓ.ም. ጥር ቡድኑ ኔልስፕሩት ላይ ዛምቢያን ሲገጥም ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበሱት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው፣ መኪና ተከራይተው፣ ሌሊቱን ተጉዘው። ደጋፊው በእግሩ ቀድሞ ሄደ፤ ቡድኑ በአውሮፕላን ተከተለው። ቡድኑ ስሙን የተዋሰው ዋልያ የሚባለው እንስሳ ደግሞ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር አይገኝም። የእናንተ ዋልያ ከስሜን በቀር በሁሉም ቦታ ተገኝቷል።

ሜዳ ምን ያደርጋል የሚል ካለ ጥቅምት 4 ቀን 2005ን ያስታውስ። ሱዳን ኻርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር። በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ስታዲየም ከማለዳ ጀምሮ ሞላ፤ የሱዳን ልጆች ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየር ሲያጥራቸው የእኛዎቹ ገና ይሞቁ ነበር። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ አንድ። 2 ለ 0። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን፤ 31 ዓመት የተዘጋው የአፍሪካ ዋንጫ በር ተከፈተ። ያን ቀን አትክልት ተራ ውስጥ ስለ ዋጋ የተከራከረ አልነበረም፤ የሱዳን ሽንኩርት ስም እየተጠራ ሳይቀር ተጨፍሯል። እናንተም የጨፈራችሁ ይመስለኛል። ታዲያ የሕዝቡ ጩኸት፣ የከፍታው ትንፋሽና የስታዲየሙ አጥር ተደምረው ጎል እንደሚያገቡ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ሦስቱንም ለዓመታት ከቡድኑ አሰላለፍ ውጪ ማድረጋችሁን የትኛው ሪፖርት ላይ እንደምታሰፍሩት ግራ ይገባኛል።

«እኛ የአፍሪካ እግር ኳስ መሥራች ነን» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ኻርቱም ላይ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነን ካፍን አቁመናል። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጥታ እኛ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፍን። ፍጻሜውን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። ይህቺን የመጨረሻዋን ክፍል በመክፈቻ ንግግር ላይ ስትጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግን ይጠቀሳል፤ ይጠቀስም። ጥር 13 ቀን ነበር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፤ ከተማው ገና ከጃንሜዳ አልተመለሰም ማለት ይቻላል። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አንድ አቻ ሲያደርግ በደቂቃ ልዩነት እንደገና ገባብን፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ሰጡት፤ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ለተወለደ፣ ስሙ ጣሊያን ለሆነ የኢትዮጵያ አምበል፤ ያውም ጣሊያን ከወጣ ገና 20 ዓመት አካባቢ በሆነበት ጊዜ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ሳይባል ለአገሩ ኳስ የሚያገባ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ያንን ቡድን ይመልከት። ከጀርባው የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ኋላ ካፍን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት መርተዋል።

እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃችን ቢሆን እኛም በየቀኑ መደርደሪያ ላይ እናወጣው ነበር፤ አልፈርድባችሁም። የሚያስቀኝ ሌላው ነው። ያው እኛ የመሠረትነው ቤት ዛሬ ተቆጣጣሪ ልኮ የመልበሻ ክፍላችንን፣ መብራታችንን፣ የተመልካች ወንበራችንንና መጸዳጃችንን ያያል፤ ያይና ራሱን ይነቀንቃል። ለተቆጣጣሪው የ1954ን ፎቶ ብታሳዩት ያደንቅ ይሆናል፤ ቧንቧውን ሲከፍተው ግን ፎቶው ውኃ አያመጣም።

ከግብፅ ጋር ያለውን ነገር መቼም ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ኳሱ ኳስ ብቻ አይደለም፤ ውኃም አለበት። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አንድ አንድ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ እኔ ጁስ ቤት ደጃፍ ነበርሁ። ባዶ የቲማቲም ሳጥን ተገልብጦ፣ ስልክ በአናናስ ተደግፎ፣ አሥር ጭንቅላት አንዲት ስክሪን ላይ ተደፍቶ። ሁለተኛዋ ጎል ስትገባ አንዱ ጫኝ ተሸክሞት የነበረውን ጆንያ ሳያወርድ ዘለለ። ከዚያ ሁላችንም ስክሪኑ ላይ ያለውን ስታዲየም አየነው። ያ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ከተማው ሳምንት ባልተኛ ነበር፤ እሱ ግን ሊሎንግዌ ላይ ሆኖ አለፈ። በ1954 ንጉሡ ቆመው ያጨበጨቡለትን ድል ዓይነት፣ በ2014 እኛ በአናናስ ተደግፈን አየነው።

ስለ ሒሳብ አያያዝ አንድ ልበል፤ ከጓዝ ማንሳት ጋር አብሮ የሚሄድ ሙያ ስለሆነ። እኛ ዘንድ መኪና ሲራገፍ አንድ ልጅ ከጎን ይቆማል። በእጁ ከሰል ወይም እስኪርቢቶ፣ ፊቱ የሳጥን ክዳን። አንድ ሳጥን በወረደ ቁጥር አንድ መስመር ያሰምራል፤ አምስተኛውን በአራቱ ላይ አግድም ይጥለዋል። ልጁ ትምህርቱን ያልገፋ ሊሆን ይችላል፤ አይሳሳትም፤ ከተሳሳተ ማታ ከደመወዙ ይቆረጣል። በ2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ሜዳዋ ላይ 2 ለ 1 ስታሸንፉ ያሰለፋችሁት ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ነበረበት። ሁለት። መቶ ሳጥን አልነበረም። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረትተን አደባባዩን ሞልተን ስንጨፍር ያንኑ ቀን ከፊፋ የምርመራው ዜና መጣ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። እግዜር ይስጣቸው ልጆቹ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈው እንደምንም ጥሎ ማለፍ ደረሱ፤ እዚያ ናይጄሪያ አስቀረችን። ያጠፋነው እኛ ነን ብላችሁ ማመናችሁን አደንቃለሁ። የሳጥን ክዳንና ከሰል ግን ዛሬም ልንልክላችሁ እንችላለን።

ስታዲየሙ የመንግሥት ነው፣ እኛ ተከራይ ነን ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛም ጃንሜዳን አልሠራንም፤ ሃይሌ ጋርመንትንም። ሆኖም ቦታው የእኛ አይደለም ብለን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም፤ በየቢሮው ደጅ ጠንተናል፣ ጮኸናል፣ ተሰድበናል። የቻን ዋንጫን፣ እ.ኤ.አ. የ2020ውን፣ እናስተናግዳለን ብላችሁ ተረክባችሁ ሳንዘጋጅ ለካሜሩን ሲሰጥ ከፌዴሬሽኑ ደጅ የተሰማ ጩኸት እኛ ሰፈር አልደረሰም። አትክልት ተራ ለጩኸት አዲስ አይደለም፤ ቢኖር እንሰማው ነበር።

እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ እናስተናግድ በተባለ ጊዜ ግን ተደስተን ነበር። ከልባችን ነው። ሦስት ጊዜ አስተናግደናል፤ በ1954፣ በ1960 እና በ1968፤ አዲስ አበባም፣ አስመራም፣ ድሬዳዋም እንግዳ ተቀብለዋል። ቦሌ ላይ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየም 62 ሺህ ሰው ይይዛል ተብሏል። አደይ አበባ በዓመት አንዴ መስከረም ላይ የምትፈነዳ አበባ ናት፤ ይህችኛዋ ብዙ መስከረም አልፏታል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ለመጨረስ አልፈልግም፤ ወተቱን ለማየት ተስፋ አልቆረጥንምና።

ስለዚህ የትብብር ሐሳባችን የሚከተለው ነው። የቡድኑን ጓዝ፣ ማሊያውን፣ ኳሱን፣ የሕክምና ሳጥኑን፣ የኮሚቴውን ሻንጣ ጨምሮ፣ የሰፈራችን ጫኝና አውራጆች ያለ ክፍያ ያነሱታል። የሚጭኑት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የትኛውም ስታዲየም። ወደ አየር ማረፊያ የሚሄድ ጓዝ ከሆነ ክፍያው በጅምላ ዋጋ ይታሰባል፣ ቅድሚያም ይጠየቃል፤ በዱቤ የሰጠነው ብዙ ነው። ቢጫ ካርድ ቆጣሪውን ልጅ እንጨምርላችኋለን። ቡድኑ እቤቱ በሚጫወትበት ቀን ደግሞ እኔ በበኩሌ ለሁለቱም ቡድን የዕረፍት ሰዓት ብርቱካን አቀርባለሁ፤ ግብፅ ከሆነች ዋጋውን ትከፍላለች።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአትክልት ተራ ፍራፍሬ ቸርቻሪ

ግልባጭ፦
ለአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካይሮ፤ ከመሥራች አባል ደንበኛ የተላከ
ለቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም የሣር ሠራተኞች፣ ዳሬ ሰላም፤ ስላስጠለላችሁን እናመሰግናለን
ለዋልያዎቹ አምበል፣ በሚገኙበት አገር