ሁለት ጓጉንቸር

ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ከደብረ ብርሃን አለፍ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ፊዚክስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ከጥቁር ሰሌዳው ጎን በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ያን ጊዜ ሳስታውስ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የዚያ ሳጥን ብረት ነው። በደጋ ጠዋት ጣት ይቆርጥ ነበር።

ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ለመላው አገር በአንድ ጊዜ ይሠራጭ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህሉን የፕላዝማዋ መምህርት ትወስደዋለች፤ ለእኛ መግቢያውና መውጫው ይተርፈናል። እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ይሮጣል። ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ዝም ትላለች፤ ልጆቹ መለሱም አልመለሱም መልሱን ተናግራ ታልፋለች። ስዕሎቿ ግን ግሩም ነበሩ። ላብራቶሪው ባዶ ክፍል ለሆነ ትምህርት ቤት፣ እኔ ራሴ በዓይኔ ያላየሁትን ሙከራ ታሳየን ነበር። ይህን አልክድም።

ልጅ ሳለሁ እኛም የሬዲዮ ትምህርት ነበረን። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም መምህራችን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ እኛም ከበን እንጠብቃለን። ሬዲዮው ያመለጠንን አይደግምልንም ነበር፤ መምህራችን ግን ሰሌዳው ላይ ጽፈውት ይቆዩናል። ይህን ነገር ልብ ያልኩት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው።

አንድ ቀን የ11ኛ ክፍል ትምህርት ስለ ፔንዱለም ነበር። መምህርቷ በክር የተንጠለጠለች ኳስ እያወዛወዘች፣ ኳሷ ብትከብድም ብትቀልም የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ እንደማይለወጥ ተናገረች። ምክንያቱን ልትቀጥል ስትል መብራት ጠፋ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣ፦ «ቲቸር፣ ከባዱ ለምን አይፈጥንም?»

መልሱን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ነገር ግን ያን ትምህርት አልተዘጋጀሁበትም፤ ማስታወሻ መያዝ ከተውኩ ወራት አልፈው ነበር። ስልሳ ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ነገ ፕላዝማው ያብራራዋል» አልኩት። በማግሥቱ መብራት መጣ፤ መምህርቷ ግን ሌላ ርዕስ ላይ ነበረች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሳምንቱ ሁለት ጓጉንቸር፣ አንድ የመጋዘን ትልቅ፣ አንድ የሻንጣ ትንሽ፣ ከነሲባጎው ይዤ ገባሁ። ሁለቱንም አንድ ሜትር በሆነ ሲባጎ ከበሩ መቃን አንጠለጠልኳቸውና ለቀቅናቸው። ልጆቹ ጮክ ብለው ሲቆጥሩ ስርጭቱ ጀመረና ድምፃችንን ዋጠው። አጠፋሁት። 20 ደርሶ መልስ፣ 40 ሴኮንድ፤ ትልቁም ትንሹም። ከባዱን ምድር አብልጣ ትስበዋለች፣ ከባዱ ደግሞ በዚያው ልክ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ አልኳቸው። ከዚያ ሲባጎውን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጠርነው። 20ው በ20 ሴኮንድ አለቀ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ያ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ መጥቶ ትልቁን ጓጉንቸር በእጁ መዘነው፤ ምንም አላለም።

ፕላዝማውን በማጥፋቴ ቢሮ ተጠራሁ። ፕላዝማ ያጠፋ መምህር ትምህርት አጠፋ ነበር የሚባለው። በሰዓቱ የተላለፈው የት ይገኛል ተባልኩ፤ መልስ አልነበረኝም፤ በእርግጥም የትም አይገኝም ነበር። የተናደድኩት በዚህ ነው። ያን ያህል ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ዕቃ አንድ ልጅ እጁን እስኪያወጣ ሊቆም አይችልም። ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ካልሆነ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያምር ክፍል ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ዛሬም ይህንኑ እጠይቃለሁ።

በ2012 መጋቢት በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ስልክ የሌላቸውን ልጆች አላገኘኋቸውም፤ ብዙ ነበሩ፣ ይህ ቁስል ነው። ለገቡት በየቀኑ የሁለት ሦስት ደቂቃ ድምፅ እልካለሁ። አንዲት ተማሪዬ መልስ የምትልከው ሁልጊዜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። ስልኩ የአባቷ ነው፤ አባቷ ባጃጅ ሲነዱ ውለው ሲገቡ ነው እጇ የሚገባው። የፔንዱለሙን ትምህርት በላክሁ ዕለት «ቲቸር፣ አራት ጊዜ ሰማሁት፤ አሁን ገባኝ» ብላ ጻፈችልኝ።

ትንሽ ቆይታ ቪዲዮ ላከች። የቤታቸው ቁልፍ በነጭ ክር ከጓዳው በር ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሰው ስለተኛ በሹክሹክታ ነው የምትቆጥረው። ክሩን በእናቷ የልብስ ስፌት ሜትር ለክታ አንድ ሜትር አድርጋዋለች። 17 ስትል ቪዲዮው ተቋረጠ፤ ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጠዋት ስልኩ ካባቷ ጋር ወጣ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ጀምራ፣ እስከ 20 ቆጥራ ላከችልኝ።