ወፍጮ ያልነካው ፓይተን

በኛ ጊዜ ሬዲዮ ሲያኮርፍ ጎኑን በጥፊ ትለዋለህ፤ ይናገራል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ፤ ለማታው ዜና ይደርሳል። ዶይቸ ቬለ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከጀርመን ድረስ በአማርኛ ሲያወራን፣ ደባርቅ ላይ «ሞጁል ጫኑ» ያለን ሰው የለም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ሬዲዮውን ላፕቶፕ ውስጥ ከቶታል። ጂኤንዩ ሬዲዮ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር ነው። (በነፃ የተሰጠህ ነገር ቀንህን እንደሚበላ የገባኝ ዘግይቶ ነው።) ማጣሪያው፣ ማጉያው፣ ሁሉም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይሳልና በመስመር ይያያዛል። ልጁ ጨነቅ ወጥቶ የጭላዳ ድምፅ በስልኩ ቀርጿል። 3,600 ሜትር ላይ ግን ከጭላዳው በላይ የሚጮኸው ነፋሱ ነው። ቦታውን ማን ጨነቅ እንዳለው እንጃ፤ የኛን ሥራ አስቀድሞ አይቶታል።

የነፋስ ጉርምርምታ ወፍራም ስለሆነ ከታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ በፓይተን ጻፈ።

«አባባ፣ ይሄ ኮምፓይል አይፈልግም። ሁለት ፋይል ነው፤ አምስት ደቂቃ።»

ነገሩስ ገብቶኛል። በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጻፈው እንጀራ ነው፤ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይጋገራል። ፓይተን የገብስ ቆሎ ነው፤ እንዲያው ይቆረጠማል፣ ጥርስ ላይ ይዘገያል እንጂ። ታዲያ ቆሎው የት እንደተቀመጠ ለቤቱ መንገር እንጀራ ከመጋገር የከፋ መሆኑን ማን ነገረን?

ከምሳ እስከ እራት ተቀመጥን። አንደኛው ፋይል ሳጥኑን ለፕሮግራሙ የሚያስተዋውቅ ነው፤ ስሙ በ«ብሎክ» ነጥብ «ዋይኤምኤል» ማለቅ አለበት። ልጁ «ዋይኤምኤል» ብቻ ብሎ ተወው። የአባቱን ስም ዘሎ በአያቱ የተጠራ ሰው ማን አቤት ይላል? እሱ ተስተካክሎ ሳጥኑ ብቅ ሲል ደግሞ «ሞጁሉ አልተገኘም» አለ። ፋይሉ እኮ ዓይናችን ሥር ነው! ለካ የሞጁሉን አድራሻ፣ ፓይተን ፓዝ የሚሉትን፣ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ነግሮት፣ ፕሮግራሙን ግን ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሥዕል ተጭኖ ነው የከፈተው። በጓሮ በር ለሚገባ እንግዳ በፊት በር መልእክት እንደማስቀመጥ ነው። ከጥቁሩ መስኮት አስነሳው፤ አገኘው።

መሽቶ ሳለ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ኮዱን እዚያው አንድ ሳጥን ውስጥ መጻፍም ይቻላል፤ ፋይልም አድራሻም አይፈልግም።

«ታዲያ ለምን እንዲያ አላደረግህም?»

«ለሌላ ሥራም እንዲያገለግለኝ ብዬ ነዋ፣ አባባ።»

ሌላ ሥራ! ይሄኛው መቼ አለቀና?

ደግሞ ሊያስተምረኝ ይቃጣዋል። ቶር በርግማን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ የሚያሰማው ድምፅ በምቱ ለሰው ንግግር እንደሚቀርብ ጽፏል አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁትን ጭላዳ አንተ ልትነግረኝ ነው?» ብዬ ቆጣ አልኩ። መልስ አልሰጠኝም፤ ድምፁን ከፈተው። ነፋሱ የለም። አንድ ሽማግሌ የሚመስል ነገር ጥግ ተቀምጦ ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል።

ባለቤቴ ከማድቤት ጮኸች።

«አሁንስ ደግሞ ምን ጎደለና ነው አንቱ የሚነተርኩት?»

እኔ እኮ አፌን አልከፈትኩም።