ሰይፌን መልሱ

እኔ የምለው፣ ለሞተ ሰው ለቅሶ መቀመጥ የቀረው ከመቼ ወዲህ ነው? ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ልጄ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ሞትኩ። አራት ጎረምሶች ዙሪያዬን ነበሩ። ነፍስ ይማር ያለ የለም። የልጅ ልጄ ብቻ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ ኪሴን ዳበሰ፣ ቀጥሎ ጫማዬን አወለቀ፣ በመጨረሻ ሰይፌን ታጠቀ። ከዚያ ቀና አለና «አባባ፣ ፒዛ ትበላለህ?» አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ቤዝመንት ይወርዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዳይስ ሲንከባለል ሰማሁና ቁማር ነው ብዬ ከዘራዬን ይዤ ወረድኩባቸው። ገንዘብ የሚባል የለም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ የተበታተነ ቺፕስ። ዳይሱም እኛ የምናውቀው ባለ ስድስት ፊት ብቻ አይደለም፤ ባለ አራት አለ፣ ባለ ስምንት አለ፣ ባለ ዐሥር፣ ባለ ዐሥራ ሁለት፣ አውራው ደግሞ ሃያ ፊት አለው። ሃያ! እኔን ዕድሜ ልኬን ያስመረረኝ ሁለት ፊት ያለው ሰው ነው።

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይሉታል። ያመጡብን ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ጋይጋክስ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ፣ ከኢንሹራንስ ሥራው ከወጣ በኋላ ጫማ የሚጠግን ሰው ነበር። ምነው በጫማው በጸና! ሳጥኑ የወጣው በ1974 ነው፣ በእኛ 1966 መሆኑ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ባለታክሲ ሲያድም፣ ተማሪ ሲጮህ፣ መንግሥት ሲናጋ፣ እነሱ ሦስት ቀጫጭን መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ እየከተቱ በ10 ዶላር ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያው ዙር 1000 ሳጥን ብቻ ነበር አሉ። ኋላ በ1980ዎቹ ይህ ጨዋታ ሰይጣን ይጠራል ብለው የአሜሪካ ምእመናን ራሳቸው ተንጫጭተዋል። ባለቤቴም «ዲመን» የሚል ቃል ሰምታ ጠበል ረጭታባቸዋለች። ሰይጣን አልወጣም፤ ወረቀቱ ራሰና የአንደኛው ልጅ ጉልበት 13 ይሁን 18 የማይለይ ሆነ። ልጁ 18 ነው ብሎ ማለ።

ጉልበት በቁጥር ነው እንግዲህ። ሰው የሚሠሩት በስድስት ነገር ነው፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ። ለእያንዳንዱ ዳይስ ይጣላል፣ ከ3 እስከ 18 የወጣው ይጻፋል። እኔ ማስተዋልን ሰባ ስምንት ዓመት ፈልጌ እስካሁን የተበደርኩትን ነው የምጠቀመው፤ የልጅ ልጄ በአንድ ውርወራ ጨረሰው። 7 ወጣለት። ዳይሱስ እውነተኛ ነው።

ይኸው ልጅ የሠራው ሰው ኤልፍ የሚሉት ጆሮው የሾለ ፍጡር ነው። ዕድሜው 120። ሽማግሌ ነው ማለት ነው ስል ሳቁብኝ። በመጽሐፋቸው ኤልፍ ለአቅመ አዳም የሚደርሰው ወደ 100 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ እስከ 750 ድረስ ይኖራል። እንግዲህ ፍረዱኝ። ፎቅ ላይ ሳህን እጠብ ሲባል ገና ልጅ ነኝ የሚል የ16 ዓመት ጎረምሳ፣ ደረጃውን ሲወርድ በ42 ዓመት ይበልጠኛል። አንቱ ልበለው? ስገባ እሱ ይነሳ ወይስ እኔ ልነሳለት? ድሮም እኔን አንተ ነው የሚለኝ፣ እዚህ ተወልዶ አንቱ የምትባለዋ ቃል አልደረሰችውም። ለካ አውቆ ኖሯል።

ያንገበገበኝ ግን ይህ አይደለም። ሁሉም የሙት ልጅ ናቸው! የአንዱ መንደር ተቃጥሏል። የሁለተኛውን እናትና አባት ዘንዶ በልቷቸዋል። ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጥሎ የተገኘ ነው። የልጅ ልጄን ያንተስ ብለው፣ «ማንም የለኝም፣ ጫካ ውስጥ ብቻዬን ነው ያደግኩት» አለኝ። ይህን ሲለኝ እናቱ ከደረጃው አናት ሆና «ሹሮው ቀዘቀዘ!» እያለች ትጠራዋለች። ምነው ወላጆቻችሁን ፈጃችኋቸው ብላቸው፣ እናት ያለው ሰው ጀብዱ አይወጣም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አታስወጣውም።

እኛም እኮ የሌለ ነገር ፈጥረን ተጫውተናል። እንቆቅልሽ ላይ ያልመለሰ አገር ይሰጥ አልነበር? በስምንት ዓመቴ ጎጃምን ሁለት ጊዜ፣ ጅማን አንድ ጊዜ ያለ አንድ ጥይት ይዣለሁ። የተረታውንም በሰጠኝ አገር ላይ ተቀምጬ እንደ ልቤ ሰድቤዋለሁ። ግን አገር ስንለዋወጥ ውለን ስንመለስ ሁላችንም የእገሌ ልጅ ነበርን።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ልጅ ጉንፋን ያዘውና ሰው ጎደለ። «አባባ፣ ና ሙላልን» አሉኝ። እሺ፣ ግን ወላጅ አልገድልም አልኩ። የእኔ ሰው እናትም አባትም አለው፣ አምስት ወንድም፣ የሚካኤል ማኅበር፣ የሚያስቸግር አማች። ስሙን ከነሰባት ቤቱ ጻፍ ብዬ ስቆጥርለት የልጅ ልጄ ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ አለቀበት፤ ለታሪክ የተተወው ቦታ የቴምብር ያህል ናት። የቀረውን ፒዛ ካርቶን ላይ ጻፍነው። ስም ከየት አመጣለሁ፣ የራሴን አባቶች ነው የሰጠሁት። ካርቶኑ ከቆሻሻ ጋር እንዳይወጣ አሁን አልጋዬ ሥር ነው። አይብ አይብ ይሸታል።

ተራኪያቸው፣ ዳንጀን ማስተር የሚሉት፣ ከካርቶን አጥር ጀርባ የሚቀመጥ መነጽር ያደረገ የጎረቤት ልጅ ነው። «ሰውዬህ ምን ይፈራል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ በልጅ ልጄ አስተርጓሚነት። በዚህ ዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ የለም፤ ሐኪሙም የሚጠይቀኝ ስለ ስኳሬ ነው። ወንዝ ይፈራል አልኩት። አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። አንድ ክረምት የሞላ ወንዝ ሲሻገር የተጫነች በቅሎውን ውሃው ከእጁ ነጥቆ ወሰዳት። ዝናብ በመጣ ቁጥር ያወራት ነበር፤ እጁን እንዲህ ዘርግቶ፣ ልጓሙ የላጠውን መዳፉን እያሳየ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ልጁ አንዲት ቃል ሳይናገር ጻፈ። ጨዋ ልጅ፣ ሽማግሌ የሚሰማ ልጅ ብዬ መረቅኩት።

ሁለት ሰዓት አልሞላም፣ ወንዝ አመጣብኝ። የሞላ ወንዝ፣ የገመድ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ጎብሊን የሚሏቸው አጫጭር ሽፍቶች። ልጆቹ መሣሪያቸውን ሲያነሱ ቆዩ አልኳቸው፤ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የድንበር ጠብ ያስታረቅኩ ሰው ነኝ። ተነስቼ ጋቢዬን አስተካክዬ ተናገርኩ። ወገናችሁ ማነው፣ አለቃችሁ ይምጣ፣ ተቀምጠን እንነጋገር። ንግግሬ ደንጋይ ያለዝብ ነበር። መነጽር ያደረገው ልጅ ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቀና «በጣም ጥሩ፣ አሁን ዳይስ ጣል» አለኝ።

እርቅ በዳይስ!

ጣልኩ። 1 ወጣ። ልጆቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። የነበረኝ ነፍስ 12 ናት፣ ነፍስም በቁጥር ነው እዚያ። ሁለት ቀስት ጨረሳትና ወንዙ ውስጥ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲያ ሞት በሦስት ዕድል ነው፤ 10ና ከዚያ በላይ ሦስቴ ከመጣ ትተርፋለህ፣ ሦስቴ ካነሰ አለቀልህ። 8 መጣ። 4 መጣ። 9 መጣ። ለአንዲት ቁጥር!

አስከሬኔን በገመድ ጎትተው ያወጡት ለቀብር መስሎኝ ነበር። የሆነውን ነግሬአችኋለሁ። ሦስት ቀን ይቅር፣ ሦስት ደቂቃ ተቀመጡልኝ ብል የሚሰማኝ አጣሁ፤ ወንዙን ተሻግረው የወርቅ ሳጥን እየሰበሩ ነው። «አባባ፣ አዲስ ካራክተር ሥራ፣ ዐሥር ደቂቃ ነው» አሉኝ። የሰባት ቤት ልጅ በዐሥር ደቂቃ!

ለቅዳሜ ጠርተውኛል። ሰይፌ ሳይመለስ አልቀመጥም ብያለሁ። በ15 ወርቅ የተገዛ ነው፣ ዋጋው በመጽሐፋቸው ላይ አለ። የልጅ ልጄ ግን አልሰጥም ብሏል፤ የሞተ ሰው ሰይፍ ምን ይሠራለታል ብሎ ይከራከረኛል፣ የ120 ዓመቱ አዛውንት። ቤዝመንታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ሽምግልና ግቡልኝ። ዳይስ ሳትይዙ።