የት ገባልሽ?

በመጋቢት ወር፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ቤተ ክርስቲያኖቻችን በአንዱ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወደ መኪናዋ የምትጣደፍ እናት ካያችሁ አትቀየሟት። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሌላ ጊዜ ጠበል ጻዲቁ ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ እስኪከደን ድረስ የማትወጣ ሴት ነበረች። አሁን ግን ከበሩ እስከ መኪናዋ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው አስቁሞ "የት ገባልሽ?" እንደሚላት ታውቃለች።

ጥያቄው ክፋት የለውም። ጠያቂዎቹ ልጁን ከክርስትናው ቀን ጀምሮ የሚያውቁት ናቸው። ችግሩ መልሱ እዚያው በቆሙበት መመዘኑ ነው። ሃርቫርድ ከተባለ እልልታ ነው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከተባለም እልል ይባላል፤ ትልቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ የእገሊት ልጅም እዚያው ነው። ዊሊያምስ ኮሌጅ ከተባለ ግን ጠያቂዋ እጇን በእናትየዋ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ "አይዞሽ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል" ትላለች።

ዊሊያምስ በ1793 የተመሠረተ፣ ከመቶ አመልካች አሥሩን እንኳ የማይቀበል ትምህርት ቤት ነው። ማኅበረ ምእመናኑ ይህን ከየት ይወቅ? በማሳቹሴትስ ጥግ፣ ከተራሮች መሐል በተሸጎጠች ትንሽ ከተማ የተቀመጠ፣ ተማሪው ሁለት ሺህ ገደማ ብቻ የሆነ ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ ያደገን ሰው የሚያስታውሰው ከባንክ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቶ አካውንቲንግ የሚያስተምረውን ነው። የሕክምና ፋኩልቲ የለው፣ የምሕንድስና የለው። ታዲያ ልጁ ምን ሊሆን ነው? "ፍልስፍናም፣ ጂኦሎጂም፣ ቲያትርም እያቀላቀለ ይማራል" ተብሎ ሲብራራ ነገሩ ይብሳል።

ይህ የገባው ልጅ ዕጣ ነው። ያልገባው ሌላ መከራ አለው።

መልሱ የሚመጣው በስልክ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አመሻሹ ላይ። ድሮ ፖስታው ወፍራም ከሆነ ደስታ፣ ቀጭን ከሆነ ሐዘን ነበር ይላሉ። ዛሬ ለተቀበሉት ልጅ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ይዘንብለታል፤ ላልተቀበሉት ደብዳቤ ብቻ ይከፈትለታል። ደብዳቤው ግን የጨዋ ደብዳቤ ነው። ሽማግሌ የተላከበት ቤተሰብ "ልጃችሁ መልካም ነው፣ ቤቱም የተከበረ ነው፣ ብቻ የኛ ልጅ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም" ብሎ እንደሚሸኘው ዓይነት ነው። ስላመለከትክ ከልብ እናመሰግናለን ይላል፤ የዘንድሮዎቹ አመልካቾች ብቃት አስደንቆናል ይላል፤ ቦታው ጥቂት ሆኖብን እንጂ ይላል፤ የትም ብትገባ እንደሚሳካልህ አንጠራጠርም ብሎ ይመርቃል። አባት ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

"እና ተቀብለውሃል ማለት ነው?"

"አልተቀበሉኝም አባዬ።"

"የቱ ጋ ነው እንደሱ የሚለው?"

ሽምግልና በሚያውቅ ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን መልስ የሚረዳው "ተመልሳችሁ ኑ" ብሎ ነው። በማግስቱ ሌሎች ሁለት አዛውንት ጨምሮ ኮሌጁ ድረስ የነዳ አባት እስካሁን አለመሰማቱ ይገርመኛል።

ዌይትሊስት የሚባለው ደግሞ አለ። አላነሱህም፣ አልጣሉህም። ወላጆቹ የዲቪና የቤተሰብ ቪዛ ዘመን ሰዎች ናቸውና መጠበቅን ያውቁበታል፤ ግን ያኛው ቢያንስ የመዝገብ ቁጥር ነበረው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ተጠባባቂውን በተራ አያሰልፉትም። እዚያው አንድ ላይ ያቆዩትና ቦታ ሲጎድል ያሻቸውን ይመዛሉ። ልጁም "ፍቅሬ አልቀነሰም" የሚል ደብዳቤ ጽፎ ይልካል።

የስለቱ ጉዳይም ቀላል አይደለም። አንዲት እናት በኅዳር፣ ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው የቅድሚያ ማመልከቻ በገባ ሰሞን፣ ለገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር አሉ። ስትሳል ነገሩን ቁርጥ አድርጋ፣ አምኸርስት ኮሌጅ ብላ ስም ጠርታ ነው። ልጁ አምኸርስት አልገባም፤ ኋላ ሃቨርፎርድ ገባ። ጥላው ይገባል ወይስ አይገባም? ግማሽ ጥላ የለም። ጨንቋት የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። "ሃቨርፎርድ ምንድነው?" አሉ። "ኮሌጅ ነው አባቴ።" "ታዲያ ገብቷላ!" አሉ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልቦናቸው ያልተናወጠ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሚያዝያ ይገባል። እስከ ሜይ 1 ድረስ ቀብድ ከፍሎ መወሰን ግድ ነው፤ የማነጻጸሩ ወረርሽኝም የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ያልተቀበለው ትምህርት ቤት ነውሩ በአንድ ሌሊት ይገለጣል። እስከ ትናንት "ጸጥታው ደስ ሲል" ይባልለት የነበረው ገጠር ይሆናል። እስከ ትናንት "ትምህርቱ ጠንካራ ነው" የተባለለት ጨካኝ ይሆናል። ስዋርዝሞር ተማሪዎቹ "ሌላ ቦታ ቢሆን ይሄ ኤ ነበር" የሚል ጽሑፍ በቲሸርት አትመው የሚለብሱበት ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከመጋቢት በፊት ይህን ሲሰማ ይኮራ ነበር፤ ከመጋቢት በኋላ "የታመሙ ሰዎች ናቸው" ይላል።

የቀሩት ደግሞ እርስ በርስ ይመዘናሉ። ሜይን ያለው ቦዶይን በምግቡ ስመ ጥር ነው፤ የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት ለተማሪው ሎብስተር ይቀቀላል። ይህን ለተዋሕዶ እናቱ እንደ ማባበያ የነገራት ልጅ ኮሌጁን በገዛ አፉ ከዝርዝሩ አስፋቀ።

ዊሊያምስና አምኸርስት ላይ ሲደረስ ግን ክርክሩ ወደ ሃይማኖት ይጠጋል። ሁለቱም ማሳቹሴትስ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። የተማሪው ቁጥር ተቀራራቢ፣ ዋጋው ተቀራራቢ፣ የሚጥሉት ሰው ብዛት ተቀራራቢ ነው። ቢሆንም ጠባቸው የቆየ ነው። በ1821 የዊሊያምስ ፕሬዚዳንት "ይህ ቦታ ከሰው የራቀ ነው" ብለው ጥቂት ተማሪ አስከትለው ሄዱና አዲሱን አምኸርስትን መምራት ጀመሩ። ሲሄዱ የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት ይዘው ሄደዋል የሚል ሐሜት እስከ ዛሬ ይወራል፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። በ1859 በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮሌጆች የቤዝቦል ግጥሚያ ሲደረግ ተጋጣሚዎቹ እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ፤ አምኸርስት 73 ለ32 አሸነፈ። ይህ አልበቃ ብሎ ቼዝም ገጠሙ፤ በዚያም አምኸርስት አሸነፈ። ዛሬ የዊሊያምስ መለያ ሐምራዊ ላም ናት፤ የአምኸርስት ከ2017 ጀምሮ ማሞዝ፣ ከምድር የጠፋው ጸጉራም ዝሆን ነው። የአሥራ ሰባት ዓመቱ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፣ አያቱ ላም ያለቡ፣ እሱ ላም በቅጡ አይቶ የማያውቅ፣ "እኔ በመሠረቱ የማሞዝ ሰው ነኝ" ሲል ሰምቻለሁ።

የልዩነቱ ምስክር ሆኖ የሚጠራው የዩ ኤስ ኒውስ መጽሔት ደረጃ ነው። መጽሔቱ ኮሌጆችን መደርደር የጀመረው በ1983 ነው። መጽሔቱ ራሱ ወረቀት ላይ መታተሙን ካቆመ ቆይቷል፤ ደረጃው ግን አለ። ኦሬገን ያለው ሪድ ኮሌጅ በ1995 "መረጃ አልሰጥም" ብሎ ከጨዋታው ወጣ፤ ደረጃውም ወዲያው አሽቆለቆለ። መምህራኑ በዚያ ሳምንት አልደነቆሩም። በ2012 ደግሞ ካሊፎርኒያ ያለው ክሌርሞንት ማኬና አንድ የቅበላ ኃላፊው የተማሪዎቹን የኤስ ኤ ቲ ውጤት ለዓመታት እያሳደገ ይልክ እንደነበር ራሱ አመነ። እናንተ ሦስተኛና ዘጠነኛ እያላችሁ እራት ላይ የምትጣሉበት ቁጥር እንግዲህ እንዲህም ይሠራል።

ከመቶ ስንት ይቀበላሉ የሚለው ነገር ደግሞ ራሱን የሚያሳድድ ጅራት ነው። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በ1975 በ15 ኮሌጆች ሲጀመር ነገሩ ድካም ለመቀነስ ነበር። አሁን አንድ ልጅ በእሱ እስከ 20 ቦታ ይልካል። አመልካች ሲበዛ የሚጣለው ይበዛል፤ የሚጣለው ሲበዛ ኮሌጁ ይከበራል፤ ሲከበር አመልካች ይበዛል። ኮሌጆቹም የማይቀበሉትን ልጅ በሚያማምር ብሮሹር ይጋብዛሉ። ቦታው በቁጥር ብቻም አይደለም ጥቂት። ከክፍሉ ጉልህ ድርሻ በኧርሊ ዲሲዥን ቀድሞ ይሞላል፤ በዊሊያምስና በአምኸርስት ሲሶ ያህሉ ተማሪ ለኮሌጁ ቡድን የሚጫወት ስፖርተኛ ነው፣ ያውም ብዙው የኛ ልጅ ስሙን በማያውቀው ስፖርት። አምኸርስት የቀድሞ ተማሪ ልጅ ለሆነ አመልካች ይሰጥ የነበረውን ብልጫ የተወው በ2021 ነው።

አዲስ አበባ ያለው አጎት ይህን ሁሉ በስልክ ሰምቶ "ስንት ከመቶ ነው የሚያልፈው?" አለ። "ስምንት፣ ዘጠኝ።" "እና ምን ያስለቅሳችኋል?" በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ እንደነበሩ ያውቃል፤ የራሱ ልጅ ከቀሩት አንዷ ናት።

አጽናኞች በዚህ መሐል ይመጣሉ። ስቲቨን ስፒልበርግን ይዘው ነው የሚመጡት። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ቤት አልቀበልህም ብሎት ሎንግ ቢች ገባ፤ ያው ዩኒቨርሲቲ በ1994 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። እውነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከቤታችን ያለችውን ማንም አለማንሣቱ ነው። ጁሊ ምሕረቱ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ሚሺጋን የመጣች ሠዓሊ ናት። በ1992 የተመረቀችው ካላማዙ ከሚባል ኮሌጅ ነው፤ ከዊሊያምስና ከአምኸርስት ጋር ስሙ ሲነሣ ሰምታችሁ አታውቁም። በ2005 የማካርተርን ሽልማት አገኘች፤ በ2023 አንድ ሥዕሏ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የካላማዙን ስም ለዚያች ጫማዋን ይዛ ለምትሮጥ እናት ብትነግሯት ግን "እሱ ደግሞ ስንተኛ ነው?" ትላችኋለች።

ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። ታላላቆቹ ተቀብለዋቸው ሌላ ቦታ የተማሩ ልጆች፣ እዚያው ከገቡት ባልተናነሰ ደመወዝ ያገኙ ነበር። ለልጁ ጭንቅላት እንጂ ለበሩ አይከፈልም እንደማለት ነው። አጽናኞቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጥናቱ ግን ይቀጥላል፤ ገቢው ዝቅ ካለ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች ልዩነት ነበረው፣ በኋላ ባወጡት ደግሞ ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች፣ ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ተማሪዎችም። የኛው የታክሲ ነጂና የጤና ረዳት ልጅ የት ነው የሚመደበው? በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን በቅበላ መመልከትን ከከለከለ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት አምኸርስት ከገቡት አዳዲስ ተማሪዎች የጥቁሮቹ ድርሻ ከ11 ከመቶ ወደ 3 ወረደ። ስለዚህ በእናትየዋ ጥድፊያ ሙሉ በሙሉ ልስቅ አልችልም።

የምስቅበት ሌላ ነው። ኮሌጆቹ በእርግጥ የሚለያዩበት አንድ ወረቀት አለ፤ እሱ የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ ነው። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዋጋ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ተለጥፏል። አምኸርስት ከ2008፣ ዊሊያምስ ከ2022 ጀምሮ በእርዳታው ውስጥ ብድር የሚባል ነገር አውጥተው በስጦታ ተክተዋል፤ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ እዚያ የሚከፍለው ጥቂት ነው። ካዝናው ሳሳ ያለው ኮሌጅ ደግሞ ልጁን በደስታ ይቀበለዋል፣ የጎደለውን በወላጅ ስም በሚወጣ ብድር ይሞላዋል፣ ብድሩን ከስጦታው ጋር ይደምርና ድምሩን "እርዳታ" ብሎ ይጠራዋል። በላምና በማሞዝ ሦስት ሳምንት የተከራከረ ቤት ይህን ወረቀት በአንድ ጀንበር ይፈርመዋል። ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ነዋ! "የት ገባልሽ?" ያለ ሰው "በስንት?" ብሎ አያውቅም፤ ቢል ኖሮ በአካባቢያችን ስንቱ ልጅ ከዕዳ በዳነ።

ሜይ 1 አለፈ። ልጁ አንዱን መረጠ፤ እናትየው የኮሌጁን ሹራብ ለብሳ ገበያ ትወጣለች፣ ያልተቀበለውን ስም ካነሣችሁባት "እሱማ በረዶ ነው" ትላችኋለች። ታናሽየው ዘጠነኛ ክፍል ነው። እስካለፈው ወር እግር ኳስ ይጫወት ነበር፤ አሁን አባቱ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲውን አቁሞ ስኳሽ ያለማምደዋል። ሕጉን ሁለቱም አያውቁትም፤ ኳሷን ግድግዳው ላይ መምታት እንደሚገባ ግን ከዩቲዩብ አይተዋል።